የሪ መንገድ

በወይራ አፋፍ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ከክፍሎቹ ጀርባ፣ ክረምት ከበጋ ሣር የማይበቅልበት ሰባት እርምጃ የሚሆን መሬት አለ፤ የአገሩ ሰው «የሪ መንገድ» ይለዋል። ጥፋቱን የሚናዘዝ ሰው ተበዳዩን በአንደኛው ጫፍ አቁሞ፣ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ ይሄድና ያንኑ መንገድ ተመልሶ መጥቶ ይናገራል።

እንደሚነገረው ልማዱ የመጣው አጸደ ከምትባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። አጸደ ዓይነ አፋር ነበረች፤ ከሰው ጋር ስታወራ መሬት መሬት ታያለች፤ ስታስተምር ግን ሌላ ሰው ትሆን ነበር ይባላል። «ሪ» ከቃል ፊት የምትቀጠል፣ ከጥንት ላቲን የመጣች ቁራጭ ናት፣ ትርጓሜዋም «ወደ ኋላ» ደግሞም «እንደገና» ነው እያለች፣ «ሪተርን» ስትል ወደ ኋላ ትሄድ፣ «ሪፒት» ስትል ያንኑ መሬት መልሳ ትረግጥ ነበር አሉ።

ወዳጇ ጎረቤቷ ይመኙሻል ብቻ ነበረች። ይመኙሻል ፊደል ስላልቆጠረች፣ አሰብ ወደብ ለሥራ የሄደው እጮኛዋ በሪሁን የሚልክላትን ደብዳቤ የምታነብላት አጸደ ናት። አንድ ቀን፣ «ቤት ተከራይቻለሁና ለጥምቀት ነይ፤ ካልመጣሽ ትተሽኛል ብዬ ሌላ አገባለሁ» የሚል መጣ። አጸደ ያለ ይመኙሻል የሚመጡትን ቀኖች አሰበችና፣ ድምጿ ከሩቅ የመጣ እስኪመስላት ድረስ በቀስታ፣ «ሥራ በዝቶብኛል፣ አትጠብቂኝ ይላል» አለቻት። ወረቀቱንም ደበቀችው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይመኙሻል «ካንቺ በቀር ማን አለኝ?» ባለቻት ቁጥር፣ አጸደ የደብዳቤው ፊደሎች ከወረቀቱ ወርደው በሰልፍ ወደ ባሕር ሲሄዱ በሕልሟ ታይ ነበር ይባላል።

በመጨረሻ፣ ጉም ግቢውን በሸፈነበት አንድ የነሐሴ ጧት፣ ወዳጇን ከክፍሎቹ ጀርባ ጠራቻት። ዓይኗን እያየች መናገር አቃታት፤ እግሯ ግን የለመደውን ያዘ።

«ምነው አንቺ መምህር፣ እንደ ደነበረች በቅሎ ወደ ኋላ ትያለሽ?» ብላ ይመኙሻል ሳቀች።

አጸደ ጉሙ ውስጥ ገብታ ቆመች። ከዚያ ብትሄድ የሚያያት አልነበረም። «ሪ» አለች ለራሷ፤ ተመልሳም መጥታ ደብዳቤውን አወጣችና እንደተጻፈው አነበበችው። ከዚያ ወዳጇ ጥላት ስትሄድ ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች።

«እንደገና አንብቢው» አለቻት ይመኙሻል።

አነበበችላት።

«ነገ ፊደል ታስቆጥሪኛለሽ። ከእንግዲህ ያንቺን ዓይን አልዋስም።»

«ትመጫለሽ?»

«ካልመጣሁ ማን ሊያስቆጥረኝ ነው፣ አንቺ ሌባ!»

በዓመቱ ይመኙሻል በገዛ እጇ ለበሪሁን ደብዳቤ ጻፈች ይባላል። ምን እንደጻፈች የሚያውቅ የለም፤ አጸደም አሳዪኝ አላለቻትም። ዛሬም በዚያ መንገድ ላይ ተበዳይ መጀመሪያ የሚለው «እንደገና» ነው፤ ሁለት ጊዜ ሳይሰማ መልስ አይሰጥም።