መብራት ስለጠፋ ተመስገን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንዲት ባለሙያ ሴት ልንገራችሁ። ቶርኖ ቤት ነው የምትሠራው፤ ብረት ትልጣለች፣ ብረት ትቆርጣለች።

የድሮውን ቶርኖ ታውቁታላችሁ። ብረቱ ይሽከረከራል፤ ባለሙያው መዘውሩን በእጁ እያዞረ ስለቱን ያስጠጋል፣ በዐይኑ ይለካል፣ በጆሮው ያዳምጣል። እሷ የምትሠራበት ግን አዲሱ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ነው። ቁጥር ትጽፍለታለች፤ ከዚህ ጀምር፣ እዚህ ድረስ ሂድ፣ ይህን ያህል ላጥ። አረንጓዴውን ቁልፍ ትጫናለች፣ እሱም ፀጉር ታህል አያዛንፍም። ግን ምን እንደማይችል ታውቃላችሁ? «ይሄ ቁጥር ስህተት ይመስለኛል» ማለት አይችልም! ገደል ግባ ብትሉት ይገባል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ አባት ከአንዲት የገጠር ከተማ መጡ። የከተማዋ የውሃ ፓምፕ ዘንግ ተሰብሯል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሕዝቡ ጀሪካን ተሸክሞ ወንዝ ይወርዳል፤ ሕፃናት በውሃው ታመዋል። ለአዲሱ ዘንግ የሚሆን ብረት ስንት ቦታ ተፈልጎ የተገኘው አንድ ነው። አንድ! ቢበላሽ ምትክ የለውም።

«ልጄ፣ ባዶ እጄን ብመለስ በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ?» አሏት።

«አይዞዎት አባቴ፣ ሳይመሽ ይዘውት ይሄዳሉ» አለቻቸው ትርሲት። ትርሲት ነው ስሟ።

ሰሞኑን ደግሞ መብራት በየቀኑ ይጠፋል፤ ሳይጠፋባት ልትጨርስ ቸኮለች። በዚያ ቤት ደንብ አለ፤ አዲስ ሥራ ሲጀመር ስለቱ ብረቱን ሳይነካ በመጀመሪያ ባዶውን፣ አየር ላይ ሄዶ ይታያል። አለቃዋ ጋሽ ደርቤ ስንቴ ነግረዋታል! ያን ቀን ግን ዘለለችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እሷ ለማፍሰስ አንድ ቁልፍ ነበር የቀራት።

ተጫነችው። ብረቱ ተሽከረከረ፤ ስለቱ ተነሣ፣ መጣ፣ ቀረበ... ድርግም! መብራት ጠፋ።

«ወይኔ! ምን አድርጌህ ነው?» ብላ ወደ ላይ ጮኸች። አዎ፣ በእግዚአብሔር ተቆጣች። እናንተስ ተቆጥታችሁ አታውቁም? ቤቱ በሙሉ አጉረመረመ። እኚያ አባት ራሳቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ትርሲት ሌላ የምትሠራው ስታጣ፣ ለእልህ ያህል፣ ለማሽኑ የሰጠችውን ቁጥር የያዘውን ወረቀት ይዛ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። በእርሳስ አንድ በአንድ ወረደችው። አንዱ ላይ ስትደርስ ዐይኗ ቆመ። የርዝመቱ ቁጥር የትናንቱ ዘንግ ነው! የትናንቱ በአራት ጣት ይረዝም ነበር። ስለቱ በዚያ ቁጥር ሄዶ ቢሆን ብረቱን ነክሶ ከያዘው መንጋጋ ጋር ይላተም ነበር። ያ አንድ ብረት በተበላሸ፤ ማሽኑም በተሰበረ፤ ከፊቱ የቆመችውም እሷ ናት።

ቀልቧ ተገፈፈ። «ጋሼ፣ መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ...» አለች።

ጋሽ ደርቤ ወረቀቱን አዩ። ሊቆጧት ይችሉ ነበር፤ አልተቆጡም። «በይ፣ ተመስገን በይ» አሏት ብቻ።

እዚያው የብረት ልጣጩ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች። እኚያ አባት ደንግጠው «ተበላሸ እንዴ?» ቢሉ፣ «የለም አባቴ፣ ተረፈ!» አለቻቸው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ቁጥሩ ታረመ፣ ስለቱ አየር ላይ ሄዶ ታየ፣ ዘንጉ ተላጠ። በማግስቱ ከተማዋ ውሃ ጠጣች።

እስቲ እናንተን ልጠይቅ። የቀረ ጉዞ፣ ያልሆነ ጋብቻ፣ የተዘጋ በር... ስንቱን አማረራችሁ? መብራት በጠፋ ቁጥር ለበጎ ነው አልላችሁም። በኦክስጅን የሚተነፍስ በሽተኛ አጠገብ ቆሜ እንዲያ ብል ውሸታም ሰባኪ ነኝ። የአንዳንዱን ምክንያት እስክንሞት አናውቅም።

ግን ይህን ልብ በሉ። ትርሲት እያማረረች ብቻ ተቀምጣ ቢሆን፣ መብራቱ ሲመለስ ያንኑ ቁልፍ መልሳ ትጫነው ነበር! ነገር ሲቆምባችሁ ምን ትሠራላችሁ? ታጉረመርማላችሁ ወይስ ወረቀታችሁን ታነባላችሁ?

ዛሬ ስለተሰጣችሁ አታመስግኑ፤ ስለ እሱማ ሁሌም ታመሰግናላችሁ። እያንዳንዳችሁ የተከለከላችሁትን አንድ ነገር አስቡና ስሙን ጠርታችሁ አመስግኑ። እኔ ልጀምር። አቤቱ፣ ሃያ ዓመት ላማረርኩበት፣ ላልሰጠኸኝ ሹመት፣ ተመስገን። እናንተም ቀጥሉ።