የወደቀው ቅስት ምስክር

በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ፣ ከጥንታውያኑ ከተሞች በአንዷ፣ ሸይኽ ሙንዚር የሚባሉ የግንበኞች አለቃ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። መርከበኛ ከሩቅ የሚለየው ባለ ስምንት ማዕዘን ሚናራ፣ በጥቁርና በነጭ ድንጋይ የተዋበው የወደቡ በር፣ ሁሉም የእጃቸው ሥራ ነበር። ሰባ ዓመት ሲሞላቸው የታላቁን መስጂድ በረንዳ በቅስት እንዲሠሩ አማና ተሰጣቸው።

የመጨረሻው ቅስት ሲያልቅ አንድ ግንበኛ ከላይ ሆኖ፣ «ያ ሸይኽ፣ ኖራው ደርቆ ይሆን? የእንጨቱን ድጋፍ እናንሳው?» አላቸው።

ልማዳቸው ራሳቸው ወጥተው በጣታቸው መዳሰስ ነበር። የዚያን ቀን ግን ጉልበታቸውን ክፉኛ አሟቸዋል፤ ሰው ደግፎ ሲያወጣቸው መታየቱንም ነፍሲያቸው ጠላችው። እታች ቆመው፣ «ደርቋል፤ አንሱት» አሉ።

በሦስተኛው ቀን፣ በዙህርና በዐስር ሶላት መካከል፣ ቅስቱ ተደረመሰ። ከሥሩ አረፍ ብሎ የነበረ ውኃ ተሸካሚ እግሩ ተሰበረ። ከተማው ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ድንጋዩን የጠረበው ዚያድ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ነበር። «የበሰበሰ ድንጋይ አቀረበልን!» ተባለና ቃዲው ፊት ቆመ። ፍርዱ ከአገር መባረር እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ሸይኹን የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም።

ቃዲው በአክብሮት፣ «ሸይኽ፣ የሙያው ባለቤት እርስዎ ነዎት። ድንጋዩ ምን ጉድለት አለበት?» ሲሉ ጠየቋቸው።

ሸይኹ ዚያድን አዩት። በድንጋይ አቧራ የነጡ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። «የድንጋይን ሆድ ማን ያውቃል?» ቢሉ ይበቃቸው ነበር፤ ውሸትም አይባልም። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

«ድንጋዩ እንከን የለበትም» አሉ። «እንከኑ እኔ ጋ ነው። ከፍርስራሹ ዳስሼዋለሁ፤ ኖራው እርጥብ ነበር። ሳልወጣ፣ ሳልዳስስ፣ ደርቋል ብዬ ድጋፉን አስነሣሁ።»

ቃዲው ዚያድን በነፃ አሰናበቱ፤ ሸይኹን ከአለቅነት ሻሯቸው። ሸይኹ ውኃ ተሸካሚውን ድኖ በእግሩ እስኪቆም ከቤታቸው አስተኝተው አስታመሙት። ቅስቱን ሌላ አለቃ በዚያድ ድንጋይ መልሶ ገነባው፤ እርሳቸው ከቀን ሠራተኞች ጋር ኖራ ያቦኩ ነበር። ትናንት እጃቸውን ይስሙ ከነበሩት አንዳንዶቹ አይተው እንዳላዩ ያልፏቸዋል።

አንድ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ዚያድ አጠገባቸው ተቀመጠ። «ያ ሸይኽ፣ ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ውርደት ለምን ተሸከሙ?»

«ልጄ፣ በአላህ ፊት አፍ ታሽጎ እግር የሚመሰክርበት ቀን አለ። ያን ቀን እግሬ ከሚያጋልጠኝ፣ ዛሬ ምላሴ ትቅደመው ብዬ ነው» አሉት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሸይኹ አልሰረቁም፤ ጉቦም አልበሉም። ያላረጋገጡትን አንድ ቃል ተናገሩ፤ ያች ቃል የሰው እግር ሰበረች። ከመካከላችን ያልመረመረውን «ትክክል ነው» ብሎ የማያውቅ ማን አለ? መሳሳት የአደም ልጅ ዕጣ ነው። ጥፋታችን በአንድ ባይተዋር ጫንቃ ላይ ሲጫን እያየን ዝም ማለት ግን ምርጫችን ነው። አላህ ሐቅን በሰዓቷ የምትናገር ምላስ ይስጠን።