የወንዙ መሻገሪያ በየት ነው?

አንድ ገበሬ ነበረ። የማንን ምክር ልስማ ስላልሽኝ ነው የምነግርሽ፤ ስሚኝ።

ይህ ገበሬ አንዲት ልጅ ነበረችው። በክረምት ትኩሳት ያዛትና ሦስት ቀን እህል አልቀምስ አለች። ሐኪም ያለው ከወንዝ ማዶ ነው። አባት ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በበቅሎዋ ላይ ከፊቱ አስቀምጦ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ወንዙን ግን በበጋ እንጂ በክረምት ተሻግሮት አያውቅም።

መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ሲደርስ አንድ ባለጸጋ ደጁ ላይ ቆሞ አገኘ።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ፤ መሻገሪያው በየት ነው?»

ባለጸጋው በከዘራው ወደ ታች አመለከተ። «በዚህ ነው! ቅርብ ነው፣ እዚችው ነች። አይዞህ፣ ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ባገራችን መንገደኛን «አላውቅም» ብሎ መሸኘት ነውር ነው፤ ሩቁንም «ቅርብ ነው» የምንለው እንዲበረታ ብለን ነው።

ገበሬው በቅሎዋን ወደ ታች አዞረ። ልጅቷ ደረቱ ላይ ሆና ስታቃስት ሰማ። ልቡ ከበደው፤ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ቆመ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ራስዎ መቼ ነው የተሻገሩት?»

«እኔ? ምን ልሠራ እሻገራለሁ! አባቴ ነበር በዚያ የሚሻገር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

ይህን ሲባባሉ ጌሾ የተሸከመች ሴት በላይኛው መንገድ መጣች። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል።

«እህቴ፣ ከወንዙ ነሽ?»

«ከዚያው ነኝ፣ ወንድሜ። ከሾላው ሥር ተሻገርኩ፤ እስከ ወገብ ይደርሳል። የታችኛውን አላየሁትም፣ አላውቅም። ማዶ ስትደርስም ሌላ ሰው ጠይቅ፤ እኔ የማውቀው እስከ ወንዙ ዳር ነው።»

ባለጸጋው ሳቀ። «ወይ ጉድ! ደረቁ መንገድ እያለ ወገቡን ሊነከር!»

ገበሬው ልጁን ጠበቅ አድርጎ አቅፎ በላይ በኩል ሄደ። ውኃው የበቅሎዋን ሆድ ነካ። መሐል ላይ ሆኖ ቁልቁል ቢያይ፣ የታችኛው መሻገሪያ ዳርቻው ተንዶ፣ ደራሹ ጎርፍ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ሲያንከባልል አየ። ማዶ ከወጣ በኋላ ሁለት ጊዜ እየጠየቀ፣ ረፋድ ላይ ከሐኪሙ ደጅ ደረሰ። ልጅቷም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በማግስቱ አጥሚት ጠየቀች።

አየሽ ልጄ፣ አንቺም መንገድ ጠያቂ ነሽ። አጎትሽ «ከተማ ግቢ፣ ሥራው ሞልቷል» ይልሻል። ስለሚወድሽ ነው፤ ግን ከዚህ ቀበሌ ወጥቶ አድሮ አያውቅም። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ሁለት ዓመት ኖራበት መጥታ «ይከብዳል፣ ግን ይቻላል፤ ከሠራሁበት ቤት ሌላ አላውቅም» ስትልሽ ፊትሽ ጠቆረ። መካሪሽን ሁሉ «አንተ ራስህ መቼ ተሻገርክ?» በይው። «አላውቅም» ማለት የሚችለውንም አትናቂው።

እኔንም ጠይቂኝ። ልጅ ማሳደግን፣ ሐዘንን፣ ጾምን አውቃለሁ፤ የጠየቅሽኝን እነግርሻለሁ። ከተማን ግን አልኖርኩበትም። በዚያ በኩል የምችለው መጸለይ ብቻ ነው።