ሁለት ብስክሌተኞችና የሐይቁ ዳር ዕረፍት

አንድ ደምሰው የሚባል ብስክሌተኛ ነበር። ከአብሮ አደጉ ከአዱኛ ጋር በብስክሌት አገር አቋርጠው እስከ ደቡብ ጠረፍ ሊደርሱ ተማከሩና ድንኳናቸውን ጭነው ተነሡ። ደምሰው እግሩም ልቡም ፈጣን ነው። ዳገት ሲያይ የተሰደበ ይመስል እልህ ይይዘዋል። አዱኛ ደግሞ ረጋ ያለ ሰው ነውና ከኋላ ከኋላ ይከተለዋል። ማታ ድንኳን ተክለው እራት እንደቀመሱ ደምሰውን ወዲያው እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሲነጋ ደግሞ ያው ሩጫ ነው።

እንዲህ እያሉ አንድ ሐይቅ ዳር ደረሱ። መንገደኞች ድንኳን ተክለው የሚያርፉበት፣ ትልልቅ ግራር ያለበት ደስ የሚል ሰፈር ነው። የአዱኛ ጉልበት አብጦ ስለነበር እዚያው ሁለት ቀን ሊያርፉ ተስማሙ። መስማማቱንስ ደምሰውም ተስማማ፤ ማረፉን ግን ማን አስተምሮት! ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ የሁለቱንም ብስክሌት አጠበ፣ ካቴናውን ዘይት ቀባ፣ ደህና የቆመውን ድንኳን ነቅሎ እንደገና ተከለ። ከዚያም "እግሬ እንዳይተሳሰር" ብሎ ሐይቁን ሊዞር ሄደ። ሲመሽ በላብ ተጠምቆ ተመለሰ። አዱኛ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ የተጠበሰ ዓሣ እየበላ ነበር የዋለው።

"በቃ፣ አንድ ቀን ይበቃናል። ነገ በጠዋት እንነሣ" አለ ደምሰው።

"አንተ ተነሣ። እኔ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።"

ደምሰው ክው አለ። "ጉልበትህ ይህን ያህል ጠንቶብሃል እንዴ?"

"ጉልበቴስ ተሽሎታል" አለ አዱኛ። "እኔ ከቤቴ የወጣሁት ካንተ ጋር ልሄድ ነበር። እስካሁን ያየሁት ግን ጀርባህን ብቻ ነው።"

ደምሰው አፈረ። በማግሥቱ ብስክሌቱን አልነካም። ከአዱኛ ጎን ውኃው ዳር ተቀመጠ። መጀመሪያ እጁ ሥራ እየፈለገ ሲቁነጠነጥ ነበር። እየቆየ ግን ሰውነቱ ላላ አለ፤ ወሬም መጣ፣ ሳቅም መጣ። ፀሐይ ስትበርድ አዱኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት" አለው። "ወንድ ከሆነ የክርስትና አባቱ አንተ እንድትሆን ልለምንህ ነበር። ይህን ደግሞ ከኋላ እየጮሁ አይለምኑም።"

የደምሰው እንባ መጣ። ዘሎ አቀፈው። "ሴት ከሆነችስ?"

"ያን ጊዜማ ቶሎ ሚስት አግባና እሷ ክርስትና ታነሣልናለች!"

ሁለት ቀን የተባለው ዕረፍት ሳምንት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሲነሡም ጠረፉ የትም አልሄደም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይላሉ አበው። ደምሰውስ የመልቀም ዕድል አገኘ፤ ብዙዎቻችን ግን ያፈሰስነውን እንኳ አናውቅም። ዕረፍት ለደከመ እግር ብቻ የሚሰጥ አይደለም። አብሮን የሚጓዘውን ሰው ፊት ለፊት የምናይበት ጊዜ ነው። ኑሮ ወደፊት ሲያስሮጠን፣ የምንወዳቸው ሰዎች ተቀምጠን ካልሰማናቸው በቀር የማይነግሩን ነገር ይዘው ይከተሉናል። እርስዎስ በቅርቡ ቁጭ ብለው የሰሙት ማንን ነው?