መድኃኒቱን የደፋችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሳያባራ በከረመበት ዓመት፣ በአንድ የወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ የትኩሳት በሽታ ገባ። በዚያ ጫካ ሕመምተኛ የሚታከመው በትልቅ ሾላ ሥር ነበር። ሐኪሟ እማማ ኤሊ ነበሩ። ዕውቀታቸውን ለማውረስ ተማሪዎች ተቀብለው ያስተምሩ ነበር፤ በሽታው ሲበረታ ግን ጥንቸል ፈርታ ሸሸች፣ ከርከሮም ሰልችቶት ወደ ቤቱ ተመለሰ። የቀረችው አህያ ብቻ ነበረች።

አህያ ሥራ አትመርጥም። ውሃ ትቀዳለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ሥር ቆፍራ ትወቅጣለች፣ የሚያቃስት ካለም አጠገቡ ቆማ ታድራለች። ፍየል ታማ ልትሞት በተቃረበች ጊዜ ግልገሎቿን በትንፋሿ ስታሞቅላት የሰነበተችው እሷ ናት። ሕመምተኞቹ ሁሉ ይመርቋት ነበር።

እንቅልፍ ግን አልነበራትም። ገና ጋደም ስትል አንዱ ይጠራታል። እየዋለ ሲያድር ከሳች፣ የጎድን አጥንቷ ወጣ፣ ራሷንም ይፈልጣት ጀመር። ፍየሏን በግ ብላ ጠራቻት፤ ውሃውንም ከገንዳው ውጭ ታፈስሰው ጀመር። እማማ ኤሊ ይህን አይተው፣ እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው፣ ይለመዳል አሏት። የመድኃኒት ጎተራ የሚጠብቀው አያ ጅቦ ደግሞ የሕመምተኞቹን ቀለብ እየሰለቀጠ፣ አህያ ቆማ ስለምታንቀላፋ መኝታ አያስፈልጋትም እያለ ያወራ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ንጉሡ አንበሳ ደቦሉን በአፉ አንጠልጥሎ መጣ። ደቦሉን እባብ ነድፎት እግሩ አብጧል። እማማ ኤሊ የታመመ ዝሆን ሊያዩ ወንዝ ተሻግረዋል። አህያ ሮጣ ከጎተራው የመድኃኒት ሥር አመጣች፣ በኮቴዋ ወቀጠችው፣ በቅል በጠበጠችው። በጎተራው ውስጥ መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ዓይነት ሥሮች ነበሩ፤ አንዱ የእባብ መርዝ ያበርዳል፣ ሌላው ቁስል ላይ የሚቀባ ሲሆን የጠጣውን ይገድላል።

ቅሉን ወደ ደቦሉ አፍ ስታስጠጋ ቀጥ አለች። የትኛውን እንደወቀጠች ማስታወስ አቃታት። ቅሉን መሬት ላይ ደፋችው።

አንበሳ አገሳ፤ ልጁ እየሞተ መድኃኒት የምትደፋው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። አያ ጅቦ ከጥግ ሆኖ፣ ስንፍና ነው እንጂ ሌላ አይደለም አለ። ከሕመምተኞቹ መካከል የነበረችው ተንኮለኛዋ ቀበሮ ግን ወደ አህያ ጆሮ ተጠጋች።

«እህቴ፣ ሥሩ ተበላሽቶ ነበር በይና ጥፋቱን በጎተራ ጠባቂው ላይ አድርጊው። ጅብን የሚያምን የለም።»

አህያ ምክሩን ትታ ወደ አንበሳ ዞረች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ከተኛሁ ብዙ ቀን ሆነኝ። ስወቅጥ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ ነበር፤ የትኛውን ሥር እንዳነሣሁ አላውቅም። ልጅዎ በምን እንደሚድን አውቃለሁ፤ ዓይኔን ግን አላምነውም። የሚያይልኝ ይስጡኝ።»

አንበሳ ጠጋ አላት። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን እናድርግ?» አላት።

ሁለቱንም ሥሮች አስመጣች። ማሽተት የምታውቀው ቀበሮ መርዝ የሚያበርደውን ሥር በሚመር ሽታው እንድትለይ፣ ፍየልም ቀይ መስመር ያለውን እንድትፈልግ ነገረቻቸው። ሁለቱም ያንኑ አንድ ሥር ሲያሳዩ አንበሳ ራሱ በመዳፉ ወቀጠው። ደቦሉ ጠጣ። አህያ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ትንፋሹን አዳመጠች፤ ትንፋሹ ሲስተካከል ባለችበት ወደቀች። ፍየሏ የሞተች መስሏት ደነገጠች። አህያ ግን ተኝታ ነበር።

እማማ ኤሊ ሲመለሱ ደቦሉ ተነሥቶ ተቀምጧል፤ አንበሳም ማንም እንዳይቀሰቅሳት ከአህያ አጠገብ ቆሟል። የሆነውን ሁሉ ሰሙ። የወጣውን የጎድን አጥንቷን ቀስ ብለው ተመለከቱ።

«ዛሬ ሐኪም ሆናለች፤ እኔ ግን ሐኪሜን ሳላክማት ቆይቻለሁ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ከበሽታው የዳኑት ሁሉ በተራ እንዲያስታምሙ አንበሳ አዘዘ። አያ ጅቦም ከጎተራው ተነሥቶ ውሃ ቀጂ ሆነ፤ በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ደከመኝ ብሎ አለቀሰ። አህያ እንቅልፏን ጠግባ ስትነሣ፣ ከሁሉ በፊት የጠየቀችው የደቦሉ እብጠት መጉደሉን ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሕመምተኛ ሲል እንቅልፉን የሚሰጥ ሐኪም ምስጋና ብቻ ሳይሆን ዕረፍትም እንደሚገባው፣ ደክሞኛል ብሎ እውነቱን መናገሩም የሙያው አንዱ ክፍል እንደሆነ ነው።