የውዳላት ዝምታ

ወንዙ ድልድይ ሳይኖረው፣ የአያቶቻችን እናቶች ገና ልጃገረዶች ሳሉ፣ በሰንበሌጥ አፋፍ ውዳላት የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሰዎች ቡዳ ናት ብለው ይፈሯት ነበር። ሰርግ ሲኖር ከደጅ ትቀመጣለች። ምጥ ሲመጣ ግን ጓዳ ድረስ ያስገቧታል፤ ከእሷ የተሻለ አዋላጅ አልነበረምና።

በዚያ አገር ሕፃን እንደተወለደ ወዲያው እልል ይባላል፤ ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ። ሽታዬ የምትባል ሴት ወንድ ልጅ ስትወልድ እልልታው ቀለጠ። በዚያው ሰዓት ጓዳ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር። ውዳላት የሽታዬን ሆድ እንደያዘች፣ "ሰው ድረሱ!" አለች። ማንም አልሰማትም። ደግማ ጮኸች። ማንም አልሰማትም። ሰባቱ ሲያልቅ ሴቶቹ ገቡ። ሽታዬ ሞታ ነበር።

ውዳላት ማንንም አልወቀሰችም። በሌላ ጊዜ ለምጥ ስትጠራ ግን መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመች።

"እንግዴ ልጁ ወርዶ ደሙ እስኪቆም ማንም እልል እንዳይል።"

የወላዷ አማት እማማ ጠጂቱ ተቆጡ። "የልጅ ልጄ ተወልዶ ዝም ልበል? ጭቃ ስትረግጪ ኖረሽ ዛሬ እኔን ልታዢ?"

"ይስደቡኝ እማማ። ብቻ ቀስ ብለው ይስደቡኝ፤ ከውስጥ ስጣራ እንዲሰሙኝ።"

ሴቶቹ ሳቃቸውን አፈኑ።

ወንድ ልጅ ተወለደ፤ እንግዴ ልጁም ወረደ፤ ደሙ ግን አልቆመም። ውዳላት ተጣራች። ይህን ጊዜ ተሰማች። ሁለት ሴቶች ገብተው ሕፃኑን ጡት አስያዙት። እሷ የእናቲቱን ሆድ እስኪጠነክር ድረስ አሸችው። ደሙ ቀነሰ፣ ከዚያም ቆመ። እማማ ጠጂቱ ሰባቱንም እልልታ ብቻቸውን ጨረሱት።

ሦስተኛዋ ወላድ የጭቃ ሹሙ ምራት ደብሪቱ ናት። ሴት ልጅ ወለደች። ሁሉም ዝም ብለው ጠበቁ። እንግዴ ልጁ አልወረደም። ጠበቁ። አልወረደም፤ ደም ግን መጣ።

"እትብቱን ሳቢው እንጂ!" አሏት ሴቶቹ።

"አልስብም። ይህ ከእኔ በላይ ነው።" ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ "አልጋ አምጡ" አለች። ደጅ የቆሙት ወንዶች ወዲያው ሰሙ።

ጭቃ ሹሙ ጠጋ ብለው፣ "መንገድ ላይ ብትሞት ቡዳዋ በላቻት ይሉሻል። አንቺ ቅሪ" አሏት።

"ይበሉኝ" አለችና እጇን ከደብሪቱ ሆድ ሳታነሳ ከአልጋው ጎን ሄደች። ወንዙን ተሻግረው ማዶ ካለው የሚስዮኖች ሐኪም ቤት አደረሷት።

በዐሥረኛው ቀን ደብሪቱ በአልጋ ተመለሰች፤ በዐሥራ ሁለተኛው የሚሉም አሉ። መንደሩ ወንዝ ዳር ወጥቶ ጠበቃት። እልልታውን ለመጀመር የደፈረ ግን አልነበረም። ሁሉም ውዳላትን አዩ። ውዳላት ደብሪቱን አየች። ደብሪቱም ከተኛችበት ቀና ብላ፣ በቀጭን ድምፅ፣ ራሷ እልል አለች።

ከዚያ ወዲህ በሰንበሌጥ አፋፍ እልልታውን የምትጀምረው የወለደችው ናት። ድካም ይዟት ብትዘገይ ይጠበቃል። ያን መጠበቅ የውዳላት ዝምታ ይሉታል። ምጥ በመጣ ቁጥር አልጋ ይዘው ደጅ የሚቆሙት ወንዶችም የወላዷን ድምፅ ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው አይሄዱም።