ዝሆን የቢራቢሮን ክንፍ የገዛ ጊዜ

ጆሮ ያላችሁ ሁሉ አድምጡኝ። ድንጋይ አፉን ሳይዘጋ፣ አውሬውም ዛፉም በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ በነበረበት በዚያ በሩቅ ዘመን የሆነውን ልንገራችሁ።

ከሁለት ወንዞች መካከል በሚገኝ ሰፊ ደን ውስጥ አንድ ዝሆን ይኖር ነበር። የደኑ መንገድ ሁሉ የዝሆን ነበር። ዝሆን አንድ ጊዜ ከሄደበት ሣሩ ይተኛል፤ ሁለተኛ ሲሄድበት ቁጥቋጦው ይሰበራል፤ ሦስተኛ ሲሄድበት መንገድ ይሆናል። ወደ ውኃ የሚወርደው በዝሆን መንገድ ይወርዳል፤ ሙሽራ የሚያመጣው በዝሆን መንገድ ያመጣል፤ ሬሳ የሚሸኘውም በዝሆን መንገድ ይሸኛል። «ይህ መንገድ የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ያ ደን አንድ ልማድ ነበረው። አውሬ ሁሉ ለአካለ መጠን ሲደርስ መልኩ በዋርካ ቅርፊት ላይ ይሳላል፤ ቅርፊቱም በቤቱ ተሰቅሎ ይኖራል። ባለቤቱ ሲሞት ቅርፊቱ ይወርዳል። ዝናብ ያደበዘዘው ይታደሳል፤ ምስጥ የበላው ይጠገናል፤ በአርባው ቀን በለቅስተኛው ፊት ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚወለዱ ልጆች አባቶቻቸውን የሚያውቁት በዚያ ቅርፊት ነው።

ይህን የማደስ ሥራ የያዙ ሦስት ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጃርት፣ ጦጣና እስስት። ሦስቱም ገበያ የሚሻሙ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ነገር ግን በእሾህ ጫፍ ቀጭን መስመር በመሳል ጃርትን የሚያህለው የለም፤ የተሰነጠቀ ቅርፊት በመግጠም ጦጣን የሚያህላት የለም፤ ቀለም በማዋሐድ ደግሞ እስስትን የሚያህላት የለም። ስለዚህ አስተዋይ ሐዘንተኛ አንዱን ቅርፊት ይዞ ሦስቱም ዘንድ ይዞር ነበር።

«አያ ጃርት የሳለው ሁሉ የተቆጣ ይመስላል» ትላለች ጦጣ።

«እመት ጦጢት የጠገነችው ሁሉ ደግሞ ጦጣ ይመስላል» ይላል ጃርት።

«ሁለታችሁም እስስት ዘንድ ሥራ ያስገባ፣ ልጁ አርጅቶ ይረከባል ማለታችሁን ሰምቻለሁ» ትላለች እስስት፣ አንዱን ዓይኗን ወደ ጃርት፣ ሌላውን ወደ ጦጣ አዙራ።

ቢሰዳደቡም በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር። የሟቹን መልክ በቀጥታ አይነኩም። ስስ የሙጫ ሽፋን ያለብሱታል፤ የሚሠሩትም በሽፋኑ ላይ ነው። እጃቸው ቢስት ሽፋኑ ይላጣል፤ የሟቹ መልክ ግን ከሥር እንዳለ ይቀመጣል።

በዚያ ዓመት የእመት ድኩላን ባል ጎርፍ ወሰደው። ድኩላ ነፍሰ ጡር ነበረች። የባሏን ቅርፊት ታቅፋ ወደ እስስት ዛፍ መጣች።

«እሜቴ እስስት፣ በሆዴ ያለው ልጅ አባቱን አያየውም። በዚህ ቅርፊት እንኳ ይወቀው» አለች።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ። ቅርፊቱ ክፉኛ ርሷል። መጀመሪያ በጥላ ይድረቅ። ስንጥቁን ጦጢት ትግጠመው፤ መስመሩን አያ ጃርት ያጽናው፤ ቀለሙን እኔ እሰጠዋለሁ። ለአርባው ይደርሳል።»

ድኩላም ቅርፊቱን ትታ ሄደች።

በዚሁ ወራት ዝሆን በትልቁ መገናኛ መንገድ ቆሞ አሰበ። አውሬው ሁሉ በመንገዱ ያልፋል፤ ግን አልፎ ይሄዳል። ዝሆን ደግሞ ያለፈው ሁሉ እንዲቆይለት ፈለገ። በደኑ ጥግ፣ አበባ በበዛበት ስፍራ፣ አንዲት ቢራቢሮ ነበረች፤ የክንፏ ዱቄት የነካው መልክ ሁሉ ወዲያው ያበራል። ዝሆን ወደ እርሷ ሄደ።

«ክንፍሽን ሽጪልኝ፤ አንድ መስክ አበባ እሰጥሻለሁ» አላት። እርሷም «አበባስ አለኝ» አለችው።

ሁለተኛ መጣ። «ክንፍሽን ሽጪልኝ፤ ነፋስ የማያገኘው ጥላ እሰጥሻለሁ።» እርሷም «ነፋሱን ለምጄዋለሁ» አለችው።

ሦስተኛ መጣ። «ክንፍሽን ሽጪልኝ፤ በመንገዴ ሁሉ ስምሽ ይጠራል።»

ቢራቢሮ ክንፏን አንድ ጊዜ ከፍታ ዘጋች። ከዚያም ሸጠችለት፤ ክንፏ ከጀርባዋ ሳይነቀል የእርሱ ሆነ፤ እርሷም በመገናኛው ተቀምጣ ትሠራለት ጀመር።

በማግሥቱ መንገዱ ራሱ አፍ አውጥቶ ተናገረ። «ኑ! መልካችሁ ይታደስ! መጠበቅ የለም፣ መክፈል የለም፤ የጌታዬ ስጦታ ነው!»

አውሬው ጎረፈ። ጅብ ቅርፊቱን አሠርቶ ትኩር ብሎ አየውና «ይህ ደም ግባታም ማን ነው?» አለ።

«አንተ ነህ፣ አያ ጅቦ» አለችው ቢራቢሮ።

«እኔስ ጠርጥሬ ነበር!» አለ ጅብ።

ቢራቢሮ ግን በሽፋን ላይ አትሠራም ነበር። ዱቄቷን በቀጥታ በአሮጌው መልክ ላይ ታሸው ነበር። ቅርፊቶቹ «ወደ ውስጥ እየገባ ነው! ከሥር ያለውን እየበላብን ነው!» ብለው ጮኹ። በዚያ ሁሉ ሳቅና ግርግር መካከል የሰማቸው አልነበረም።

የድኩላ ባል እኅት ድኩላን «አንቺ ምን ያስጠብቅሻል?» አለቻት። «የሁሉም ሟች ሲያበራ የእኛ ብቻ ደብዝዞ ሊቆም ነው? በወንድሜ አርባ ታዋርጂኛለሽ?»

ድኩላ ተመልሳ ወደ እስስት መጣች፤ ዓይኗን ግን መሬት ላይ ተክላ ነበር።

«እሜቴ፣ ቅርፊቱን ልውሰደው።»

«ልጄ፣ የቢራቢሮ ዱቄት ወደ ሥር ይገባል። አንዴ ከገባ አይላጥም።»

«ለገበያሽ ብለሽ ነው ይላሉ።»

«ለገበያዬም ነው» አለች እስስት። «ግን እውነትም ነው።»

ድኩላ ቅርፊቱን አንሥታ ሄደች። በአርባው ቀን የባሏ መልክ እንደ ማለዳ ፀሐይ አበራ። ለቅስተኛው «እንዴት ያምር ነበር!» አለ። ከዚያም ወዲያ ድኩላ ባሏን ባሰበች ቁጥር በዓይነ ሕሊናዋ የሚመጣላት ያ ብርሃን ሆነ።

ሦስቱ ባለሙያዎችስ ምን ሆኑ?

ጃርት ዋጋ ቀነሰ። አንድ ቅርጫት ሙሉ ሥራ ሥር ይከፈለው የነበረውን ወደ አንድ እፍኝ አወረደው፤ ቀጥሎ በነፃ ልሥራ አለ። «ነፃማ እዚያም አለ፤ አንተ ዘንድ ደግሞ ወረፋና ቁጣ አለ» አሉት። ሲርበው እሾሆቹን እየነቀለ ለዝሆን መገናኛ አጥር አድርጎ ሰጠ። የሚስልበት እሾህ ባለቀ ጊዜ ተራራውን ተሻግሮ ሄደ፤ ወዴት እንደ ደረሰም አልታወቀም።

ጦጣ አስመሰለች። የሚያብረቀርቅ አሸዋ ፈጭታ «እነሆ፣ እንደ ቢራቢሮ!» ብላ ለፈፈች። «እንደ ቢራቢሮ ከሆነማ ቢራቢሮዋ አለችልን» አሏት። ሙያዋን ጣለች፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሰው ማሳ በእሸት ጠባቂ ስትባረር ትኖራለች። ጣቶቿም መጠገን ረሱ።

እስስት ግን አልቀነሰችም፤ አላስመሰለችምም። ዝሆን ወደ ዛፏ መጣ።

«እመት እስስት፣ ነይና ከቢራቢሮ ጎን ሁኚ። ቀለምሽን ከዱቄቷ ጋር እናደባልቀው።»

«በሽፋን ላይ እንድሠራ ትፈቅድልኛለህ፣ አያ ዝሆን?»

«ሽፋን ጊዜ ይወስዳል። መንገደኛው ይሰለቻል።»

«እንግዲያው አልመጣም።»

ዝሆን አልተቆጣም። «እኔ ልጎዳሽ አልመጣሁም» አለ በለሆሳስ። «ብቻ ከእንግዲህ በዚህ በኩል አልሄድም።»

አልሄደምም። ሣሩ ተነሣ፤ ቁጥቋጦው አደገ፤ ወደ እስስት ዛፍ የሚወስደው መንገድ ጠፋ። በእስስት ቅል ውስጥ ያሉት ቀለሞች በየማለዳው ካልተማሰሉ ይደርቃሉ።

«እመት እስስት፣ ሥራ ከሌለን ለምን ታማስይናለሽ?» አላት ቀዩ ቀለም።

«አንድ ቀን የሚመጣ ይኖራል።»

«ባይመጣስ?»

እስስት ማማሰሏን ቀጠለች።

ዘመን አለፈ። ዝሆን ከወንዙ ማዶ የጨው አፈር አገኘ። አውሬው ሁሉ ጨው ሊልስ ወደዚያ ነጎደ፤ ዝሆንም አዲስ መንገድ ወደዚያ አወጣ። ቢራቢሮ በባዶው መገናኛ ቀረች። ክንፏ ሳስቶ፣ ዱቄቷ አልቆ፣ ከዝሆን ጆሮ ሥር እየተንቀጠቀጠች ደረሰች።

«አያ ዝሆን፣ የመገናኛው አበባ ደረቀ፤ ክንፌም አለቀ።»

«ማን ነሽ አንቺ?» አለ ዝሆን።

«ቢራቢሮ ነኝ።»

«የትኛዋ ቢራቢሮ?»

«ክንፏን የገዛሃት! እንግዲህ የማትፈልገው ከሆነ መልስልኝና ወደ ጥጌ ልሂድ።»

«የገዛሁትን መመለስ ልማዴ አይደለም» አለ ዝሆን። በክፋት አልተናገረም፤ ልቡ ጨው ላይ ነበር። ቢራቢሮም በሁለቱ መንገዶች መካከል ወድቃ ቀረች።

ክረምቱ ገባ። ዱቄቱን የሚያድስ ስላልነበረ ዝናቡ ከየቅርፊቱ አጠበው፤ ዱቄቱም ሲወርድ የበላውን መልክ ይዞት ወረደ። በየቤቱ ዋይታ ሆነ። የጅብ አባት ጠፋ፤ የከርከሮ አያት ጠፋች፤ የድኩላም ባል ጠፋ።

ድኩላ ግልገሏን አስከትላ ቁጥቋጦውን እየሰነጠቀች እስስት ዛፍ ሥር ደረሰች። ባዶውን ቅርፊት በፊቷ አኖረች።

«እሜቴ፣ በድያለሁ። ልጄ ግን አልበደለም። የአባቱን መልክ መልሽለት።»

እስስት ቅርፊቱን አገላብጣ አየችው።

«ቀለሙን እኔ አዋሕዳለሁ። ነገር ግን ቀለም መስመር ይፈልጋል፤ መስመሩን የሚስለው ጃርት ነበር፤ ጃርትም የለም። ቅርፊቱ ተሰንጥቋል፤ የምትገጥመው ጦጢት ነበረች፤ የእርሷም እጅ ረስቷል። ቢሆንም እሞክራለሁ፤ አንቺ ንገሪኝ። ግንባሩ እንዴት ነበር?»

«የሚያበራ ነበር።»

«ያ የቢራቢሮ ነው። የእርሱስ?»

ድኩላ አሰበች። «ዓይኑ… ዓይኑ እንደ ፀሐይ…»

«እርሱም የቢራቢሮ ነው፣ ልጄ። ጎርፉ ሳይወስደው፣ ማታ ከግጦሽ ሲመለስ፣ ደጃፍሽ ላይ ሲቆም የምታይው ፊት እንዴት ነበር?»

ድኩላ ያን ፊት በልቧ ፈለገች። የመጣላት ያ የቢራቢሮ ብርሃን ብቻ ነበር። እንደ ገና ሞከረች፤ ያው ብርሃን መጣ። እንባዋ ቅርፊቱ ላይ ወረደ።

ግልገሉ ወደ ቅርፊቱ ቀረበ። ባዶውን እንጨት አሸተተው፤ በምላሱም ነካው።

«እማዬ፣ አባቴ ይህ ነው?» አለ።

እናቱ ባዶውን ቅርፊት አንሥታ ታቀፈችው። እስስትም ሁለቱን ዓይኖቿን ጨፈነች።

እናንተ የሰማችሁኝ ሆይ፣ ዝሆን እስከ ዛሬ መንገድ ያወጣል፤ ጠላትም ወዳጅም ብሎ አይደለም፤ እግሩ ከባድ ስለሆነ ነው። እኛ ግን ስጦታውን ስንቀበል፣ በዚያ ስጦታ ምክንያት የማን ደጃፍ ሣር እንደሚያበቅል እንጠይቅ። የብዙ እጆችን ሥራ ለአንድ ጌታ ያስረከበ አገር፣ ጌታው በሰለቸው ቀን ባዶ ቅርፊት ታቅፎ ይቀራል። የሰማሁትን ነገርኋችሁ፤ እናንተም መልካችሁን ሳትረሱ ለልጆቻችሁ ንገሩ።